የአንባቢያን ጥያቄ፦ እስክንድርያን በአንድ ቀን

ጥያቄ፦ የምኖረው ዱባይ ነው። ከእናቴ ጋር ለአንድ ሳምንት ካይሮ ስለምንሄድ አንዱን ቀን ለእስክንድርያ መድበናል። እናቴ የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትፈልጋለች፤ እኔ የጥንቱን የመርከቦች መብራት ቤት ቦታና የምድር ውስጥ መቃብሮቹን ማየት እፈልጋለሁ። ቀኑ ይበቃናል? እናቴ ጉልበቷን ያማታል።

መልስ፦ ይበቃችኋል፤ ብቻ ከባሕሩ አትጀምሩ። አብዛኛው እንግዳ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ይሄድና ከሰዓት በኋላ ወደ መሀል ከተማ ሲመለስ የጥንቶቹ ቦታዎች ትኬት መሸጥ አቁመው ያገኛቸዋል።

ከካይሮ ራምሲስ ጣቢያ በማለዳ ተነሱ፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። እስክንድርያ ስትደርሱ ባቡሩ መጀመሪያ ሲዲ ጋበር ይቆማል። ብዙ ሰው እዚያ ሲወርድ አይታችሁ እንዳትከተሉ፤ የእናንተ መውረጃ የመጨረሻው፣ መሐጠት መስር ነው።

ከዚያ በታክሲ ወደ ካርሙዝ ሰፈር፣ ኮም ኤል ሾቃፋ። መቃብሮቹ በ2ኛው መቶ ዓመት የተፈለፈሉ ናቸው፤ በ1900 እ.ኤ.አ. አንዲት አህያ መሬቱ ከድቷት ስትወድቅ ተገኙ ይባላል። የግብፁ የሙታን አምላክ አኑቢስ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ በር ሲጠብቅ የሚታየው እዚህ ነው፤ ከከተማው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህንን እንመርጣለን። ግን መውረጃው 99 ደረጃ ያለው ጠመዝማዛ ነው፤ የወረዱትን ሁሉ መልሶ መውጣት አለ። እናትዎ ከላይ ይጠብቁ።

በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ የፖምፔ ዓምድ የሚሉት ቆሟል። ስሙ የተሳሳተ ነው፤ ዓምዱ የተተከለው በ300 እ.ኤ.አ. አካባቢ ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። አዎን፣ በስንክሳር ስሙ የሚነሳው፣ ዓመተ ሰማዕታት ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. የሚቆጠርለት ያው ንጉሥ! እናትዎ ከአስዋን በመጣ ቀይ ድንጋይ የቆመውን ይህን 27 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዓምድ ሲያዩ ይህን ይንገሯቸው።

ቀጥሎ ወደ ራምል ጣቢያ አካባቢ፣ ቅዱስ ማርቆስ። የወንጌላዊው ራስ እዚህ እንዳለ ኮፕቶች ያምናሉ፤ አባ ሰላማን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስም የዚህች ከተማ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በሚያዝያ 2017 እ.ኤ.አ. በሆሳዕና ዕለት በር ላይ ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ ፍተሻው ጥብቅ ስለሆነ ፓስፖርት ይያዙ። ገናና ፋሲካን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚያከብሩ በነዚያ ቀናት ለጸሎት እንጂ ለጉብኝት አይመችም።

የቃይትባይ ምሽግን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ግን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ድረሱ። መብራት ቤቱን ግን አትፈልጉት፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ ጨርሶ ፈርሷል። ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 እ.ኤ.አ. ምሽጉን ያቆመው በዚያው መሠረት ላይ ነው፤ የቀሩት ግዙፍ ድንጋዮች ከጎኑ ባሕር ሥር ናቸው።

ስለ ክፍያ፦ በብዙ የቅርስ ቦታዎች ከውጭ ዜጋ የሚቀበሉት በባንክ ካርድ ብቻ ነው፤ የተማሪ መታወቂያ ያለው ግማሽ ይከፍላል። ጥሬ ገንዘቡ ለታክሲ ነው፤ ዋጋውን ሳይነጋገሩ አይግቡ፣ ዝርዝርም ይያዙ።

ጥያቄ፦ በየትኛው ወር ብንሄድ ይሻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም ሚያዝያ። በሐምሌና ነሐሴ የካይሮ ሰው ሁሉ ሙቀት ሸሽቶ እስክንድርያ ስለሚወርድ የሆቴል ዋጋ ይንራል፤ የባሕር ዳሩ መንገድም በመኪና ይዘጋል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ማዕበል ያለበት ዝናብ ይመጣል፤ ሞገዱ ግድቡን ዘሎ መንገዱ ላይ ይፈሳል፣ የምሽጉ ድንጋይም ያንሸራትታል። በዚያ ወቅት ከሄዱ አንድ ትርፍ ቀን ይያዙ።