ፕላዝማ ቲቪው ቀይ መብራት ብልጭ እያለ አልበራም ላልከው
ወንድሜ፣ እናንተ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕላዝማህ "ቀጭ" እያለ መጥፋት ከጀመረ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ቦርዱን፣ ማለትም ለቲቪው ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሰሌዳ ነው። ከሶኬት ነቅለህ ትንሽ ቆይና ጀርባውን ክፈት። ግን እጅህን ሰብስብ! ትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ሰሌዳው ላይ የቆሙት ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉት) ቲቪው ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ፕላዝማ ውስጥ ደግሞ 200 ቮልት አካባቢ ይዞራል። ቮልት በሚለካ ቴስተር (መልቲሜትር) ለክተህ ዜሮ መሆኑን ሳታይ ምንም አትንካ።

አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካየህ ችግሩ ብዙ ጊዜ እነሱ ጋር ነው። ማይክሮፋራዱ (የመያዝ አቅሙ) ከድሮው እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ እስከ 105 ዲግሪ ሙቀት የሚችል ግዛ፤ መርካቶ አይጠፋም። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን እንዳታገላብጥ።

ድምፅ ኖሮ ምስል ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ ችግሩ የሰስቴን ቦርድ (ስክሪኑን የሚያበራው ሰሌዳ) ነው፤ እሱን ለባለሙያ ተወው። የስክሪኑ መስታወት ከተሰነጠቀማ ብርህን አታባክን። ከተሠራልህ ስታብላይዘር (ቮልት የሚያስተካክል ዕቃ) ግዛለት፤ እዚያ ሰፈር መብራቱ እንደልቡ ነው።