«ፓምፍሌት» እና «በራሪ ወረቀት» አንድ ናቸውን?

ጥያቄ፦ አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ 16 ገጽ ያለው ጽሑፍ ሊያሳትሙ ማተሚያ ቤት ሄደው «ፓምፍሌት» ቢሉ፣ ሠራተኛው የነጠላ በራሪ ወረቀት ዋጋ ነገራቸው። ሁለቱ ቃላት አንድ መሆናቸውን ይጠይቃሉ።

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ የሚለያቸውም መጠረዝ ነው። «ወረቀት» ከዐረብኛ የመጣ፣ በዚያም «ቅጠል» ማለት የሆነ ቃል ስለሆነ፣ በራሪ ወረቀት ነፋስ የሚወስደው ቅጠል ነው ማለት ነው። የጣልያንኛው «ቮላንቲኖ»ም ሆነ የጀርመንኛው «ፍሉግብላት» ከመብረር የወጡ ናቸው። ግሱም ይመሰክራል፤ የ1966ቱን አብዮት ያዩ ሰዎች «ወረቀት ተበተነ» ይላሉ፤ የተጠረዘ ነገር ግን ይታደላል እንጂ አይበተንም።

ፓምፍሌት የተጠረዘ ነው። ዩኔስኮ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ሽፋኑ ሳይቆጠር ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለውንና በየጊዜው የማይወጣውን ኅትመት በዚህ ስም ይጠራዋል። ስሙ የተገኘው በ12ኛው ምዕተ ዓመት በላቲን ከተጻፈ «ፓምፊሉስ» ከሚባል አነስተኛ የፍቅር ግጥም ሲሆን፣ የግሪክኛ ሥሩ «ፓን» ሁሉ፣ «ፊሎስ» ወዳጅ ነው። የሁሉ ወዳጅ የተባለው ቃል በኋላ የሙግትና የስድብ ጽሑፍ መጠሪያ መሆኑ ያስገርመኛል።

«በራሪ ጽሑፍ ለሁሉም ይበቃል» የሚሉ አሉ። በቅርቡ ደሴ ፒያሳ ላይ የተሰጠኝ ባለ 8 ገጽ የጤና ትምህርት፣ ወገቡ በሁለት ሽቦ ተሰፍቶ ሳለ ሽፋኑ ላይ «በራሪ ወረቀት» ይላል። የተሰፋ ወፍ እንዴት ይበራል? እኔ «ንኡስ ጥራዝ» እላለሁ። የብራና መጻሕፍት ሊቃውንት ታጥፎ የሚሰፋውን የቅጠሎች ክፍል ጥራዝ ይሉታል፤ ከመጽሐፉ ጥቂት ብቻ ቀምሶ ዐዋቂ ነኝ የሚለውን ሰውም ሕዝቡ «ጥራዝ ነጠቅ» ያለው በከንቱ አይደለም። ጥራዝ ዛሬ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ያመለክታል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ «ንኡስ» የሚለውን ቅጽል የጨመርሁትም ስለዚህ ነው።

ይሁንና ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ «ንኡስ ጥራዝ» ብሎ ያዘዘኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ወጣቱ ነጠላውንም የታጠፈውንም «ፓምፍሌት» ካለ ቆይቷል፤ ሳልወድ እቀበለዋለሁ። እርስዎም ማተሚያ ቤት ሲመለሱ ስሙን ትተው «16 ገጽ፣ መሐሉ የተሰፋ» ቢሉ ዋጋውን በትክክል ይነግሩዎታል።