ፔዳሉ ለምን ደነደነ? የአሮጌ ዳትሰን ሰርቮ በጅማ ከፍታ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የመካኒኩ መልስ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከአባቴ የወረስኩት በፈረንጆቹ የ1972 ሞዴል ዳትሰን 240ዜድ አለኝ። ለዓመታት ቡና መጋዘናችን ጥግ ቆሞ ነበር። አምና ሞተሩን አስፈታሁት፤ ካርቡሬተሮቹ ተጸዱ፣ የስፖርት ካምሻፍትም ገባለት። አነዳዱ አሁን ልብ ይሰርቃል። ያስቸገረኝ ፍሬኑ ነው። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖብኛል። ባለፈው መርካቶ አካባቢ ባጃጅ ድንገት ፊቴ ገብቶ በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት። አንድ መካኒክ ‹ሰርቮውን (የፍሬን ማገዣውን) በትልቅ፣ በ9 ኢንች እንቀይረው፤ ማስተር ሲሊንደሩንም (የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን) እንደዚያው እናሳድገው› አለኝ። ትልቅ ሰርቮ መኪናውን ቶሎ ያቆምልኛል? ባለቤቴ ፍሬኑ ሳይስተካከል ልጃችንን በዚህ መኪና አታስጭንም ብላለች።»
ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ልክ ናት፤ ልጁ ይቆይ። አንተም እስክንጨርስ ድረስ ገበያ ወደሚበዛበት መንገድ አታውጣው።

240ዜድ ፍሬን የማያውቅ መኪና አይደለም። በ1971 እና በ1973 እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ የሚካሄደውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈ ሞዴል ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታንቡር ይዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ ክብደቱም ከአንድ ቶን ብዙ አይበልጥም። እንዲህ ያለ መኪና በሁለት እግር ካልተረገጠ አልቆምም ካለ፣ የተበላሸ ወይም የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው። ትልቅ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት እሱን እንፈልግ።

ሰርቮ የራሱ ጉልበት የለውም። ውስጡ ዲያፍራም የሚባል ሰፊ ላስቲክ አለ። ሞተሩ ከላስቲኩ በአንድ ወገን ያለውን አየር መጥጦ ያሳሳዋል፤ ቫኪዩም የሚባለው ይህ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ በሌላው ወገን የውጭ አየር ይገባና ላስቲኩን ይገፋዋል። እግርህን የሚያግዝህ እንግዲህ ከውጭ ያለው አየር ግፊት ነው። ጅማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ጅቡቲ ላይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ቫኪዩም ጌጁ (መለኪያው) ላይ ከ18 እስከ 20 ኢንች ሜርኩሪ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር፣ ጅማ ሲመጣ ከ12 እስከ 14 ያሳያል። ስንት ሰው ይህን አይቶ «ሞተርህ ደክሟል» ተብሎ ያለጥፋቱ ሞተር አስፈትቷል! ያንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

በቁጥር ላሳይህ። ስፋቱ 8 ኢንች የሆነ ሰርቮ ጅቡቲ ላይ በ20 ኢንች ቫኪዩም በግምት እስከ 225 ኪሎ ሊገፋ ይችላል። ያው ሰርቮ ጅማ ላይ በ14 ኢንች 155 ኪሎ አካባቢ ነው። 9 ኢንቹን እዚሁ ብናስገባ 200 ኪሎ ገደማ ይሰጠናል። ስለዚህ መካኒክህ ያለው ከንቱ አይደለም፤ አንድ ኢንች መጨመር ከፍታው የወሰደውን አብዛኛውን ይመልሳል።

ነገር ግን ደብዳቤህ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ያ የስፖርት ካምሻፍት ነው። እንዲህ ያለው ካምሻፍት የማስገቢያውንና የማስወጫውን ቫልቭ አብረው ክፍት ሆነው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ያደርጋል። በከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበት ይሰጣል፤ በሚኒሞ ላይ ግን ቫኪዩሙን ይጥለዋል። ቀድሞውኑ በከፍታው ምክንያት 13 የነበረው ወደ 8 ቢወርድ፣ 9 ኢንቹ ሰርቮ እንኳ ከ115 ኪሎ አያልፍም። የፋብሪካው ትንሹ ሰርቮ በድሮው ካምሻፍት ይሰጥህ ከነበረው ያነሰ ማለት ነው!

ይህን የምትለይበት ቀላል መንገድ አለ። በማርሽ እየሄድክ ነዳጁን ለቀህ ቁልቁለት ስትወርድ ፔዳሉ እንዴት ነው? ከነዳጅ ላይ እግር ሲነሳ ቫኪዩም ስለሚጨምር ሰርቮው ይሞላል። እዚያ ለስላሳ ሆኖ ከተማ ውስጥ ቆም ሄድ ስትል ብቻ የሚደነድን ከሆነ፣ ጥፋቱ የካምሻፍቱ ነው። እንደዚያ ከሆነ የድሮውን ካምሻፍት መመለስ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫኪዩም ፓምፕ መግጠም እንጂ ሰርቮ መቀየር ብቻውን አያድንህም። እኔ ብሆን ካምሻፍቱን እመልሳለሁ። በእኛ መንገድ በከፍተኛ ዙር የምትነዳው ስንት ደቂቃ ነው? ፍሬን ግን በየደቂቃው ትረግጣለህ።

ፔዳሉ ሁሌም ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሰርቮውን ራሱን ፈትሽ። ሞተሩን አጥፋ፤ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ያህል ረግጠህ ሰርቮው ውስጥ የቀረውን ቫኪዩም ጨርስ። ከዚያ እንደረገጥክ ሞተሩን አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ንቅንቅ ካላለ ሰርቮው አያግዝም። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ ረግጠህ ያዝ፤ ሳትለቅ አጥፋውና ግማሽ ደቂቃ ቆይ። ፔዳሉ እግርህን ወደ ላይ ከገፋው አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። ያኔም ቢሆን ሰርቮውን ከመኮነንህ በፊት ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦና እሱ ላይ ያለውን የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ እይ። ቫልቩን ነቅለህ በአፍህ ንፋበት፤ አየር ማለፍ ያለበት ከሰርቮው ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ብቻ ነው። ቱቦው ደግሞ ለቫኪዩም የተሠራ ይሁን። ተራ የውሃ ጎማ ሲሞቅና ሲመጠጥ ጎኖቹ ይጣበቃሉ፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም አይመስልም። ለዓመታት በቆመ መኪና ላይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ቱቦ ነው።

እሺ፣ ሁሉንም አይተህ ሰርቮው ሞቷል፤ 9 ኢንቹንም አገኘህ እንበል። የቡሎኖቹን ርቀትና አጠገቡ ካለው የፍሪሲዮን ማስተር ጋር አለመጋጨቱን ለካ። አሁን የምነግርህን ግን በእኔ እጅ የደረሰ ስለሆነ አደራ አትርሳው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ዳትሰን ላይ ማስተር ስቀይር ከሰርቮው ፊት የምትወጣውን ዘንግ ለማጽዳት ሳብኳት። ዘንጓ ከምትደገፍበት ጫፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ትቀመጣለች። ያቺ ላስቲክ ወደ ሰርቮው ሆድ ወደቀች፤ እኔ አላየሁም። ገጥሜ፣ አየር አስወጥቼ፣ ለሙከራ ወጣሁ። መንገዱ በዝናብ ርሷል። ፔዳሉን ገና ነካ ሳደርገው የፊት ጎማዎቹ ተቆለፉና መኪናው ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ ላስቲክ ናት ለእግርህ ስንት ያህል እንደረገጥክ የምትነግርህ። ከሌለች ሰርቮው መጠን አያውቅም፣ ያለውን ሁሉ በአንዴ ይሰጣል። ስለዚህ ዘንጓን አትሳብ። ያገለገለ ሰርቮ ከገዛህም ላስቲኳ በቦታዋ መሆኗን በባትሪ እያየህ አረጋግጥ።

የዘንጓንም ርዝመት ለካ። በዘንጓ ጫፍና በማስተሩ ፒስተን መካከል ከአንድ ሚሊሜትር ያልበለጠ ክፍተት መኖር አለበት። እኔ ባቄላ የምታክል ሊጥ ጫፏ ላይ አድርጌ፣ ማስተሩን ገጥሜ መልሼ እፈታና የተጨፈለቀውን እለካለሁ፤ ከዚያ አንዲት ፍርፋሪ ሳትቀር አጸዳለሁ። ዘንጓ ከረዘመች ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ እየሄድክ ይግላል፣ ይይዝሃል። ካጠረች ፔዳሉ ግማሽ መንገድ በባዶ ይወርዳል።

ማስተሩን ማሳደግ የተባለውን ግን አልቀበልም። የአንተ መኪና ማስተር ከፋብሪካ ሲወጣ 7/8 ኢንች ነው። ብዙዎች የሚያስገቡት 15/16 ሲሆን ፔዳሉ አጭር ይሆናል፤ ነገር ግን ያንኑ ግፊት ለማግኘት 15 በመቶ ያህል አብልጠህ መርገጥ አለብህ። ደነደነ ብለህ ላመጣኸው ፔዳል ይህ መድኃኒቱ አይደለም። ትልልቅ ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን) ስትገጥም ያኔ እንነጋገርበታለን።

ቶሎ ያቆምልኛል ወይ ላልከው፦ ሰርቮ የእግርህን ድካም ይቀንሳል እንጂ መኪናውን የሚያቆሙት ፓዱ፣ ሸራውና ጎማው ናቸው። አሁን በሁለት እግርህ ስትረግጥ ጎማው የሚቆለፍ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚሰጥህ ሰርቮ የለም። መጋዘን ውስጥ የቆየ ፓድ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ይሆናል፤ ጎማዎቹም ያረጁ ከሆኑ መጀመሪያ እነሱን ቀይር። የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ አስወጣው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ። ዶት 4 የሚባለው አዲስ የፍሬን ዘይት ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል።

«አሮጌ ኮሮላ አለችኝ። የፍሬን ዘይት በየሳምንቱ ይቀንሳል። ጎማዎቹ ሥር የፈሰሰ ነገር የለም፤ መሬቱም ደረቅ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ነጭ ጭስ ታወጣለች። የት ይሄዳል?»
ከኮቺ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ ሞተሩ እየጠጣው ይመስለኛል። የማስተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሰርቮው ሆድ ይገባል፤ ሞተሩ ከዚያ መጥጦ ያቃጥለዋል። ማስተሩን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች ፈትተው ወደ ፊት ሳብ አድርገው ይዩ። ከኋላው እርጥብ ከሆነ ወይም የሰርቮው ቀለም ከተላጠ እሱ ነው። ማስተሩን አሁኑኑ ያሳድሱ፤ ዘይቱ ዲያፍራሙን ከበላው ሰርቮም ልትገዙ ነው።

«ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚወስደው ቁልቁለት ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ ይወርዳል። ስናገረው ‹ፍሬን አለኝ› ይለኛል። እውነት ምንም አይሆንም?»
ከሂርማታ

እህቴ፣ ይህን መጽሔት ይዘሽ ሂጂና አንብቢለት። ሞተር ሲጠፋ ቫኪዩም የሚሠራለት የለም። ሰርቮው ውስጥ የቀረው አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያቺን ቁልቁለት የሚወርደው በእግሩ ጡንቻ ብቻ ነው። በፎሌ ስለሆነ ሞተሩም አይዝለትም፤ መኪናው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፓዱ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም እስከ ታች ይወርዳል። ቁልፉን አብዝቶ ካዞረው ደግሞ መሪው ሊቆለፍበት ይችላል። ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረድ፤ ነዳጁን ይልቀቅ፤ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ይልቀቅ እንጂ እግሩን እላዩ ላይ አያስተኛ። ያ የሚቆጥበው ቤንዚን ስንት ብር እንደሆነ ጠይቂውና ንገሪኝ፤ እኔ እከፍልለታለሁ።