የአሥረኛው ወር መሳፈሪያ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጃችን የደም ካንሰር፣ ኤኤልኤል የሚባለው፣ እንዳለባት ከታወቀ 6 ወር ሆነ። የምትታከመው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ነው። እድራችንና የሥራ ባልደረቦቼ ተረባርበው ስላገዙን እስካሁን ቀጠሮ አልፎን አያውቅም። አሁን በተራችን ከሐዋሳና ከአካባቢው ለሚመላለሱ ሌሎች ልጆች ገንዘብ ማሰባሰብ እንፈልጋለን። ባለቤቴ የሙዚቃ ምሽት እናዘጋጅ ትላለች፤ ወንድሜ የልጆቹን ፎቶ በቴሌግራም እንልቀቅ ይላል። ከየት እንጀምር?
አባት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጅዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። እንዴት እንደምትሰበስቡ ከመወሰናችሁ በፊት ለምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ።

የዚህ በሽታ ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዙር 4 ሳምንት ያህል ነው። እሱ ሲያልቅ በብዙዎቹ ልጆች መቅኔ ውስጥ ካንሰሩ በማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ልጁ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ይስቃል። ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የተዋጣው ገንዘብ አልቋል፣ ጠያቂው ቀንሷል፣ ልጁም ድኖ ይታያል፤ ስለዚህ ቀጠሮው ይቀራል። ተደብቆ የቀረው ሴል ግን መድኃኒቱ ሲቋረጥ እንደገና ይራባል። አገርሽቶ ሲመጣ ደግሞ ማዳኑ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሰው ሁሉ በአንደኛው ወር ያዋጣል። እናንተ ለአሥረኛው ወር መሳፈሪያ ሰብስቡ።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት። በማስቀጠያው ጊዜ፣ ማለትም ከመጀመሪያዎቹ ከባድ ዙሮች በኋላ በሚመጣው ረጅሙ የሕክምና ጊዜ፣ በወር 1 ቀጠሮ ቢያዝ፣ ለልጁና ለአንድ አስታማሚ በዓመት 24 ደርሶ መልስ ይሆናል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ የደም ምርመራው ተሠርቶ ውጤቱ እስኪታይ በየቀጠሮው 2 አዳር ያዙ፤ በዓመት 24 አዳር ማለት ነው። የሁለት ሰው ምግብና ከሆስፒታል ውጭ ለሚታዘዝ ምርመራና መድኃኒት መጠባበቂያ ጨምሩበት። በዛሬው የመናኸሪያ ታሪፍ ስታባዙት የአንድ ልጅ የዓመት ወጪ ይወጣላችኋል። የያዛችሁት ለ3 ልጅ ከበቃ 3 ልጅ ብቻ ያዙ። ለ20 ልጅ አንድ አንድ ጊዜ ማከፋፈል የሰጪውን ልብ ያሞቃል እንጂ አንዱንም እስከ መጨረሻው አያደርሰውም። ለአዳር አስቀድማችሁ የካንሰር ታማሚዎችን የሚረዱትን ድርጅቶች፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲንና ተስፋ አዲስን ጠይቁ። አልጋ ከተገኘ የአዳሩ ገንዘብ ለመሳፈሪያ ይዞራል።

የሙዚቃ ምሽቱን አንመክርም። አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ሙዚቀኛና ትኬት ማሳተሚያ አንድ ብር ሳይገባ ወጪ ያስወጣሉ፤ ገቢውም የአንድ ቀን ነው፤ ሕክምናው ግን በየወሩ ይመጣል። 100 ሰው በወር 50 ብር ቢያዋጣ 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ነው። መዋጮ የመክፈልን ልማድ ማንም ሊያስተምረን አይገባም፤ የእድሩ ወርሃዊ ቀን አለ። በዚያው ቀን፣ በተለየ መዝገብና ተከታታይ ቁጥር ባለው ባለ ካርቦን ደረሰኝ ሰብስቡ። ለዚሁ ብቻ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፤ 3 ፈራሚ ይኑረው፣ ገንዘብ የሚወጣው በ2 ፊርማ ይሁን። የታማሚ ልጅ ወላጅ ፈራሚ አይሁን፤ እርስዎንም ጨምሮ። ሐሜቱ ከመጣ በኋላ ደረሰኝ ቢያሳዩ የሚያምን ጥቂት ነው። አደባባይ ወይም መንገድ ላይ ለመሰብሰብ ካሰባችሁ ቀድማችሁ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

ለቤተሰቡ ገንዘቡን በጅምላ አትስጡ። የቀጠሮ ካርዱን አይታችሁ የዚያን ጉዞ ብቻ ክፈሉ፤ ሲመለሱ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀጣይ ቀን በመዝገባችሁ አስፍሩ። ቀጠሮው 2 ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ይደውል። ካልሄዱ በዚያው ሳምንት ቤታቸው ሂዱ፤ ለመውቀስ ሳይሆን ምን እንደያዛቸው ለመጠየቅ። ከገንዘቡ እኩል የሚያድነው ይህ ስልክ ነው።

ወንድምዎ የልጆቹን ፊትና የካርድ ቁጥር እንዳይለጥፉ። ፎቶው በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ የሒሳብ ቁጥር ሲዞር ማስቆሚያ የለውም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ መድኃኒት በሻንጣ ልላክ ቢል ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። ለዚህ በሽታ የሚሰጡት አስፓራጂኔዝና ቪንክሪስቲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለባቸው፤ ሻንጣ ውስጥ ሞቀው የደረሱትን ማንም ሐኪም አይሰጥም።

ደም ለመለገስ የተነሣሣ ካለ ሁሉንም በአንድ ቀን አትውሰዱ። ፕሌትሌት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው። 60 ሰው ካላችሁ በሳምንት 5 አድርጋችሁ ብትከፍሉ 12 ሳምንት ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹም 3 ወር ሲሞላቸው እንደገና ተራቸው ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለ የ4 ዓመት ልጄን ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው ፓራሲታሞል ሰጥቼ እስኪነጋ ብጠብቅ ችግር አለው? ሐይቅ ዳር ወስደን ጥሬ ዓሣስ ብናቀምሰው?
እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ አዎ፣ አደጋ አለው። ኬሞ ነጭ የደም ሴሉን ስለሚያወርደው ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ደሙን ሊበክል ይችላል። ዲጂታል ቴርሞሜትር ብብቱ ውስጥ አድርገው ክንዱን ወደ ደረቱ ያስጠጉ፤ እስኪጮህ ይጠብቁ። 38 ወይም ከዚያ በላይ ካለ አያሳድሩት። ፓራሲታሞል ቁጥሩን ያወርደዋል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ይቀጥላል። ትኩሳት ሳይኖረው ቢንቀጠቀጥ ወይም ቢዝለፈለፍም ይሂዱ። አዲስ አበባ ድረስ አይጓዙ፤ እዚያው ሐዋሳ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይግቡና ከካርድ በፊት «ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነው፣ ትኩሳት ይዞታል» ይበሉ። በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትና ቴርሞሜትር ይከልክሉ፤ አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም አይስጡት፣ ያደማሉ።

ዓሣው በደንብ የተጠበሰ ወይም የተቀቀለ ከሆነ ይብላ። ጥሬውን ግን ለጊዜው አያቅምሱት፤ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎም እንዲሁ።

የበሽታውን ስም፣ የመጨረሻውን ኬሞ ቀንና የሐኪሙን ስልክ አንድ ወረቀት ላይ አስጽፈው ከቴርሞሜትሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ያኑሩ። ሌሊት ስልክ የሚያነሣ የሰፈር ባጃጅ ነጂ ቁጥርም ከዛሬ ጀምሮ ይያዙ።