ስለ ውሃችን ጠይቁኝ፦ ከጦሳ ተራራ ሥር እስከ ቦርከና ወንዝ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ምንጭ ማጎልበትና የቧንቧ ጥገና ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ውሃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዩን አንድ ላይ አድርጌ ልመልስ።

ጋሼ፣ ውሃ የሚመጣልን አልፎ አልፎ ነው። በጀሪካን አጠራቅመን ነው የምንጠጣው። ልጆቼን ሆዳቸውን እያመማቸው ተቸገርኩ። ማፍላት ብቻ ይበቃል? (ከሰኞ ገበያ)

አብሽሪ እህቴ፣ ይበቃል። ግን ደሴ ላይ ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል። ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ነው። ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተይው። ኮምቦልቻ ያለችው እህትሽ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነች 1 ደቂቃ ይበቃታል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ከፈላ በኋላ ነው። ንጹሑ ውሃ ውስጡ አረንጓዴ ወደሆነ ጀሪካን ይመለሳል። ትንሽ ጠጠርና የሳሙና ውሃ ጨምሪበት፣ ደህና አድርገሽ ናጪው፣ ከዚያ አለቅልቂው። ኩባያ እየነከሩ መቅዳትም ይቅር፣ አዘንብሎ መቅዳት ይሻላል። ማገዶው ከከበደሽ ውሃ አጋር አለ፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን ጨምረሽ 30 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ። ውሃው ከደፈረሰ መጀመሪያ አጥልይው። የልጆቹ ተቅማጥ ካልቆመ ወይ ደም ከታየበት ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፤ እሱን እኔ አልመልስም።

የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያን ያህል ያስቆጥራል? (ከሆጤ)

እኔን ከምታምን ራስህ ለካው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ከቧንቧው ሥር አስቀምጥ። በአንድ ሰዓት ከሞላ በቀን 24 ሊትር ሄደ ማለት ነው። በወር 36 ጀሪካን! ያውም ለአንዲት ትንሽ ጎሚኒ።

ድብቁን ፍሳሽ ለማግኘት ደግሞ ማታ ቧንቧ ሁሉ ዝጋና ቆጣሪውን ጻፈው። ጠዋት ማንም ሳይነካ እየው። ከተንቀሳቀሰ አንድ ቦታ ያፈሳል። ብዙ ጊዜ ሌባው የሽንት ቤቱ ሲስተርን ነው። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ ጨምርበትና ግማሽ ሰዓት ቆይ። ሳትለቀው መቀመጫው ከቀላ ጎሚኒው አልቋል።

ጦሳ ሥር ያደግኩ ነኝ። ልጅ ሆኜ የምንቀዳበት ምንጭ አሁን በበጋ ይደርቃል። ሽማግሌዎቹ ባህር ዛፉ ነው የጠጣው ይላሉ። እውነት ነው?

ሽማግሌዎቹ አልተሳሳቱም፣ ግን የታሪኩን ግማሽ ነው የነገሩህ።

ባህር ዛፍ በጋ ከክረምት ይጠጣል፣ ሥሩም ሩቅ ይወርዳል። ከሥሩ ደግሞ ሣር እምብዛም አይበቅልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ሣር ያለበት መሬት ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ያሰርጋል። የተራቆተ መሬት ግን የሐምሌን ዝናብ ተቀብሎ በአንድ ሰዓት ወደ ቦርከና ያወርደዋል። ታኅሣሥ ላይ የምትቀዳው እኮ ሐምሌና ነሐሴ የሰረገውን ነው። ያልሰረገ ውሃ ከየት ይመጣል?

በዚያ ላይ ቤቱ በዛ። ዳገቱ ላይ ቆርቆሮና ኮብልስቶን በጨመርን ቁጥር ውሃው የሚሰርግበት ቦታ ይጠባል።

ባህር ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ አልልም። ማገዶውም የቤት ማገሩም እሱ ነው፤ ቁረጡ የሚል ሰው እንጀራ በምን እንደሚጋገርለት ይንገረኝ። ከምንጩ ዓይን በላይና ዙሪያውን ብቻ ልቀቁለት። የተቆረጠው ጉቶ እንዳያቆጠቁጥ ተከታተሉት፣ አለበለዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ነን። ቦታው ላይ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ረባዳው ላይ ሾላ ትከሉ። ግን ከችግኙ በፊት አጥሩ ይቅደም። ከብት ካልገባበት ሣሩ በአንድ ክረምት ራሱ ይመለሳል። የግብርና ሰዎች ከንክኪ ነጻ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ በላይ ዳገቱ ላይ ማስረጊያ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ ዳገቱን አቋርጦ ደረጃውን ጠብቆ ይሂድ። ቁልቁል ከተቆፈረ ቦይ አይደለም፣ የጎርፍ መንገድ ነው። ጥር ላይ በተፋሰስ ሥራ እንዲህ የተቆፈረ ስንት አይቻለሁ። ደግሞ የደሴ ዳገት መንሸራተት ያውቃል። ከቤት በላይ ባለ ቁልቁለት ላይ ባለሙያ ሳያየው ቦይ አትክፈቱ፤ ውሃ የጠጣ አፈር ቤት ይዞ ይወርዳል።

በነገራችን ላይ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያሉትን ጸበሎች ልብ ብላችሁ እዩ። ዛፉ ያልተነካበት ቦታ ምንጩም አለ።

ኮምቦልቻ ነኝ። አንዳንድ ሌሊት ወንዙ ቀለሙ ይለወጣል፣ ይሸታል። ጠዋት የለም። ለማን ነው አቤት የምንለው?

መጀመሪያ ሕጉን ያዙ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስለ አካባቢ ብክለት ቁጥጥር የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ ማንም ሰው አቤት ማለት ይችላል። የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። «አንተን ምን አገባህ?» ካሉህ መልሱ ይኸው። አቤቱታው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በ30 ቀን ካልመለሱልህ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላለህ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕ አካባቢ መብት ነው ይላል።

ግን ባዶ እጅ አትሂዱ። «ይሸታል» ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን ደብተር ላይ ጻፉ። ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች ሁለት ፎቶ አንሱ፤ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ለአንድ ወር ጽፋችሁ፣ ሰፈሩ ተፈራርሞ፣ ቅጂ አስቀርታችሁ አስገቡ። የተቀበላችሁን ሰው ማኅተም ማስመታት እንዳትረሱ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስመታ ሰጥቼ ደብዳቤው «አልደረሰንም» ተብዬ አውቃለሁ።

ፋብሪካ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ኮምቦልቻ ስንቱ ቤት በፋብሪካ ደመወዝ ነው የሚያድረው። ግን ፍሳሹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ሳይጣራ ከተለቀቀ ሲበሰብስ ከወንዙ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ዓሣው ይሞታል። የቆዳ ፋብሪካ ደግሞ ክሮምየም ይጠቀማል። እሱ አይበሰብስም፣ ደለሉ ውስጥ ይቀመጣል።

በቦርከና ውሃ የበቀለ ሰላጣ በሎሚና በኮምጣጤ ካጠብኩት ችግር አለው?

እጥበቱ ጀርሙን ይቀንሰዋል፣ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። በሥሩ የገባ እንደ ክሮምየም ያለ ከባድ ብረትን ግን ሎሚም ኮምጣጤም አያወጣውም፤ ማፍላትም እንደዚያው። ከየት እንደመጣ የማታውቂውን ቅጠል ለጀርሙ ብለሽ አብስለሽ ብዪ። ገበሬውንም ከየት እንደሚያጠጣ ጠይቂው፣ አያፍርም ይነግርሻል።

መስጊዳችን ለውዱእ ብዙ ውሃ ይፈሳል። ወጣቶቹ ምን ማድረግ እንችላለን? (ከአራዳ)

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ነቢዩ በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ኢማሞቻችሁ ከእኔ በላይ ይነግሯችኋል። አንድ ሙድ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ቧንቧ ከፍቶ እጅ እየታጠበ የሚያወራ ሰው ስንት ሙድ ይጨርሳል? አንዱን ጁምዓ ባልዲ አስቀምጣችሁ ለኩና ውጤቱን ለጀመዓው ንገሩ። ከዚያ ተጭነው ካልያዙት የሚዘጋ ቧንቧ ግጠሙ። የሚወርደውም ሳሙና ስለሌለበት ለግቢው ዛፍ ይሆናል።

የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም ያዋጣል?

ያዋጣል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያህ 40 ካሬ ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ይወርዳል። የሚባክነውን ቀንስና 300 በል፣ 15 ጀሪካን ማለት ነው። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም አላት። የመጀመሪያውን ዝናብ ግን ልቀቀው፤ እሱ ጣሪያ የሚያጥብ ነው፣ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ሮቶውን ክደነው፣ የትንኝ መፈልፈያ እንዳይሆን። ለመጠጥ ካሰብከው ማከም አለብህ፤ ለልብስና ለጽዳት እንዳለ ይሁን።

ሽንት ቤት ከጉድጓድ ውሃ ምን ያህል ይራቅ?

ቢያንስ 30 ሜትር። ደሴ ግን ሜዳ ስላልሆነች ርቀቱ ብቻ አይበቃም። ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በታች ይሁን። የጎረቤትህ ከላይህ ከሆነ ቡና ጠርታችሁ ተነጋገሩ።

ቆሻሻ ወንዝ ውስጥ የምንጥለው ገንዳ ስለሌለ ነው። እኛን ከመውቀስ ገንዳ አምጡ!

ገንዳ መጠየቃችሁ ልክ ነው፣ ጠይቁ። የሕፃን ዳይፐር ድልድይ ላይ ቆሞ መወርወር ግን የገንዳ ጉዳይ አይመስለኝም። ከደሴ በሃረጎ ቁልቁለት ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ኮምቦልቻ አለች። እዚያ ልብስ የሚያጥብበት ሰው አለ።

አምስተኛ ክፍል ነኝ። ቦርከና መጨረሻው የት ነው? ባሕር ይገባል?

ጎበዝ! አይገባም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በከሚሴ በኩል በጨፋ ረግረግ አልፎ ከአዋሽ ይገናኛል። አዋሽም ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ካርታ ካለህ በጣትህ ተከተለው። ስትጨርስ መንገድ ላይ ስንት ከተማ እንዳገኘህ ጻፍልኝ።