ሰኞ ጠዋት የተደገመ ዳዊት

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ በሞጣ ከተማ ጤፍ የምነግድ፣ ዕድሜዬ ወደ 50 የተጠጋ የቤተሰብ አባወራ ነኝ። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ፤ ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጠውን ስብከተ ወንጌልም አላስታጉልም። ሆኖም ከ20 ዓመት በፊት የነበርኩት ሰውና ዛሬ ያለሁት በጠባይ አንድ ነን፤ ቁጣዬም፣ ገንዘብ መውደዴም፣ ቂም መያዜም እንዳሉ ናቸው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በአባታችን መሬት ወሰን ተጣልተን መነጋገር ካቆምን 3 ዓመት ሞላን። ሰሞኑን ደግሞ ባለቤቴ «ማለዳ ዳዊት ትደግማለህ፤ ረፋድ ላይ ለማዳበሪያው እያልህ ከገበሬው በየኩንታሉ ሁለት ሁለት ኪሎ ትቀንሳለህ» ብላ አሳፈረችኝ። እርግጥ ይህ የገበያው ልማድ ነው፤ በሳምንት በምረከበው 20 ኩንታል ያህል ጤፍ ላይ ሌላው ነጋዴ ከሚያደርገው የተለየ ነገር አላደርግም። ቃሉን በኑሮዬ ላይ ለማዋል ከየት ልጀምር? ወይስ የማነበው አንሶ ይሆን?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚያነቡት አላነሰም። እንዲያውም ምዕራፍ ይጨምሩ ብንልዎ ያሉበትን ችግር የምናስታምምልዎ ይመስለናል። የባለቤትዎን ንግግር «እርግጥ» በምትል አንዲት ቃል ሊያልፉት ሞክረዋል፤ እኛ ግን መልሱን ከዚያው እንጀምራለን።

በቤተ ክርስቲያናችን የዳዊት አደጋገም ልማድ ሰኞ የሚደርሰው ከመዝሙር 1 እስከ 30 ያለው ነው። እርስዎም የዕለቱን ዳዊት እስከደገሙ ድረስ 14ኛው መዝሙር በየሳምንቱ ሰኞ በአንደበትዎ ያልፋል ማለት ነው። (በግእዙ 14ኛ የሆነው ይህ መዝሙር በአንዳንድ የአማርኛ መጻሕፍት 15ኛ ሆኖ ስለሚገኝ ፈላጊ እንዳይደናገር፤ ግእዙ 9ኛውንና 10ኛውን እንደ አንድ ስለሚቆጥር የመጣ ልዩነት ነው።) መዝሙሩ በጥያቄ ይጀምራል፤ አቤቱ፣ በድንኳንህ ማን ያድራል ይላል። ለጥያቄው በሰጠው መልስ ውስጥ ስለ ጾምም ሆነ ስለ መሥዋዕት አንድ ቃል አልተነሣም። በቅንነት የሚሄድ፣ በልቡ እውነትን የሚናገር፣ በባልንጀራው ላይ ክፉ የማያደርግ፣ ለባልንጀራው ምሎ የማይከዳ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር፣ በንጹሕ ሰው ላይ መማለጃ የማይቀበል ይላል። ሁሉም የገበያ፣ የሸንጎና የጎረቤት ነገር ነው። እርስዎም ይህንኑ ደግመው ሲጨርሱ ዳዊቱን ወደ ማኅደሩ ይመልሱና ወደ ሚዛንዎ ይሄዳሉ፤ ቃሉ ግን ከማኅደሩ ጋር ቤት ይቀራል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባዶ ማዳበሪያ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግማሽ ኪሎ ነው ብለን ብንቆጥርልዎም በየኩንታሉ አንድ ኪሎ ተኩል የገበሬው ጤፍ ያለ ዋጋ ወደ እርስዎ መጋዘን ይገባል። ይህም በ20 ኩንታል 30 ኪሎ፣ በዓመት ደግሞ ከ15 ኩንታል በላይ ይሆናል። ኦሪት ዘዳግም 25፥13-15 በከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የከለከለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ልማድ ነው የሚለው ምክንያትም አያድንም፤ ማንም የማያደርገውን ነገር የሚከለክል ሕግ የለምና፣ ትእዛዙ የተሰጠው ልማዱ ለነበረበት ገበያ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው በትንቢተ አሞጽ 8፥5 የተጻፈው ነው። በዚያ የተወቀሱት ነጋዴዎች ሰንበትን ሽረው የሚነግዱ አልነበሩም፤ ሰንበት እስኪያልፍ ሱቃቸውን ዘግተው የሚጠብቁ ነበሩ። የሚጠብቁትም መስፈሪያውን አሳንሰው በሐሰተኛ ሚዛን እህል ለመሸጥ ነበር።

የሚደረገውን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘኬዎስን ይመልከቱ። በሉቃስ 19 እንደምናነበው ጌታ ወደ ቤቱ ሲገባ ይህን ያህል መልስ አላለውም፤ ራሱ ተነሥቶ የሀብቱን እኩሌታ ለድኆች፣ የበደላቸውን ደግሞ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። አራት እጥፍ የሚለውም ከባዶ የመጣ አይመስልም፤ በኦሪት ዘጸአት 22፥1 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ ሰው በአንዱ ፈንታ አራት ይከፍላልና። ቀራጩ ሰው የሚያውቀውን የኦሪት ቃል ማንም ሳያስገድደው በራሱ ላይ ፈረደበት። እርስዎም በመጪው ሰኞ አንድ ባዶ ማዳበሪያ ገበሬው እያየ ሚዛኑ ላይ ያኑሩና የመዘነውን ያህል ብቻ ይቀንሱ። የሚያውቋቸውን ደንበኞች መካስ ይችላሉ፤ የማያውቋቸውን በተመለከተ ለነዳያን ስለሚሰጠው ከነፍስ አባትዎ ጋር ይማከሩ። ትርፍዎ እንደሚቀንስ አንሸሽግም፤ ጎረቤትዎ ያሉ ነጋዴዎችም ነገሩን ላይወዱልዎ ይችላሉ።

በየዕለቱ እንዴት ልያዘው ካሉን የአገርዎ የቅኔ ቤት ሥርዓት ጥሩ አብነት ይሆንልዎታል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ደስ ብሎት አይተኛም። ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ይደርሳል፤ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ የተበላሸው ይታረምለታል፤ በማግሥቱም የትናንቱን መድገም ነውር ስለሆነ አዲስ ይዞ ይቀርባል። እርስዎ ለ20 ዓመት ሰምተዋል፤ የቆጠሩ፣ ቆጥረውም የነገሩ ግን አይመስለንም። ስለዚህ ከዕለቱ ዳዊት አንዲት ቁጥር ብቻ ይዘው ይውጡ፤ ቀን በሥራዎ መካከል ለየትኛው ነገር እንደምትሆን ያውጠንጥኑ፤ ማታ ያደረጉትንና ያቃተዎትን ለአንድ ሰው ይናገሩ። ለዚህ ከባለቤትዎ የተሻለ አራሚ በቅርብ ያለዎት አይመስለንም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ (1፥22-24) ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ፊቱን በመስተዋት አይቶ ሲሄድ መልኩን ወዲያው በሚረሳ ሰው መስሎታል፤ ማታ የሚነግሩት ሰው ያለው ግን ቶሎ አይረሳም።

የወንድምዎ ጉዳይ ከሚዛኑ ይከብዳል። ወሰን በአገራችን ምን ያህል ደም እንዳቃባ ለእርስዎ አይነገርም። ማን ወሰን እንደገፋ ስለማናውቅ ለማንም አንፈርድም፤ የባልንጀራን ድንበር ማፍረስ በኦሪት ዘዳግም 27፥17 የተረገመ ነውና የገፋው ወንድምዎ ከሆነ በደሉ በደል ነው። ነገር ግን በሉቃስ 12፥13-14 አንድ ሰው ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ ብሎ ጌታን ሲለምነው አካፋይ አድርጎ ማን ሾመኝ ብሎ እንደመለሰለት፣ ወዲያውም ስለ ስስት ማስተማር እንደጀመረ ልብ ይበሉ። አብርሃምም የእርሱና የሎጥ እረኞች በተጣሉ ጊዜ ታላቅ ሆኖ ሳለ ምርጫውን ለታናሹ ሰጥቷል (ዘፍጥረት 13፥8-9)። መሬትዎን ይተዉ ማለታችን አይደለም። በማቴዎስ 5፥23-24 መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የተባለው ግን ወንድሙን የተቀየመው ሰው ብቻ አይደለም፤ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ ነው የሚለው። እርስዎ ደብዳቤዎን ሲጽፉ የራስዎን ቂም እንጂ የእርሱን አላነሡልንም።

የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ራሱ ከአንድ የሥጋ ዘመዱ ጋር ሁለት ዓመት ተኳርፎ በነበረበት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደነበር አይዘነጋውም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁሉ ይፈታል ብሎ ተስፋ አይሰጥዎትም። መጀመሪያ ሽማግሌም ሳያስከትሉ፣ የወሰኑንም ነገር ሳያነሡ፣ እቤቱ ሄደው እንደምን ሰነበትህ ብለው ቡናውን ጠጥተው ይመለሱ። ሽማግሌ የሚላከው ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ባይከፍትልዎትም ሐዋርያው ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል» ብሎ መወሰኑን ያስታውሱ (ሮሜ 12፥18)፤ የእርሱን ድርሻ እርስዎ አይጠየቁበትም። ረቡዕና ዓርብንም አያስታጉሉ፤ ለጥልና ለክርክር ስለሚጾሙ ሰዎች በኢሳይያስ 58፥4 የተጻፈውን ግን ከመጾምዎ በፊት አንድ ጊዜ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የምማር የ21 ዓመት ወጣት ነኝ። ጓደኞቼ ትምህርቴን አቋርጬ ወደ ዓረብ አገር እንድሄድ ይመክሩኛል። የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ጸልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱስ ብገልጥ ጣቴ ዘፍጥረት 12፥1 ላይ አረፈ፤ «ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ ውጣ» ይላል። ይህ መልስ ነው?

መልስ፦ እኅታችን፣ ጣትሽ አሥር ቁጥር ያህል ወረድ ብሎ አርፎ ቢሆን ኖሮ አብራም በራብ ምክንያት ወደ ግብፅ ወርዶ በዚያ ስለ ሚስቱ የተጨነቀበትን ታሪክ ታገኚ ነበር፤ ያን ጊዜ አትሂጂ ተባልሁ ልትዪ ነው? ቃሉ የተነገረው የ75 ዓመት ሰው ለነበረው ለአብራም ነው፤ ለአንቺ የሚያስተምርሽም እግዚአብሔርን አምኖ መታዘዝን ነው እንጂ የጉዞ ቀን አይቆርጥልሽም። በጎጃም መጻሕፍት ቤት፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ በሚሰጥበት ጉባኤ፣ ያሉ መምህራን አንድን ቃል አንድም እያሉ ሲያመሠጥሩ ማን፣ ለማን፣ ስለ ምን እንደተናገረው ሳይሉ አያልፉም። በሐዋርያት ሥራ 8 በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባም የምታነበውን ታስተውለዋለህን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል አለ እንጂ ገጽ ገልጦ አልወሰነም። ምሳሌ 15፥22 ደግሞ ምክር ከሌለ የታሰበው እንደሚፈርስ፣ መካሮች በበዙበት ግን እንደሚጸና ይናገራል። ስለዚህ ወላጆችሽን፣ የነፍስ አባትሽንና ሄዶ የተመለሰ ሰው ጠይቂ፤ የሥራ ውሉና የጉዞው ሕጋዊነትም በዓይን ተገልጦ የሚነበብ ነው።

ጥያቄ፦ ከደንበጫ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምኖር የአምስት ልጆች እናት ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንም የሚጽፍልኝ 7ኛ ክፍል የሚማረው ልጄ ነው። ከንጋት እስከ ማታ ሥራ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው በቃሉ ሊያድግ ይችላል?

መልስ፦ እናታችን፣ ይችላል። ዘዳግም 6፥6-7 ቃሉ በልብ ይሁን፣ በቤት ሲቀመጡም፣ በመንገድ ሲሄዱም፣ ሲተኙም ሲነሡም ለልጆች ይነገር ይላል እንጂ ይነበብ ብሎ አልወሰነም። በቤትዎ ደግሞ ጸሐፊም አንባቢም አለ። ቡና በሚፈላበት ጊዜ ልጅዎ ከማርቆስ ወንጌል ግማሽ ምዕራፍ ያንብብልዎ፤ መጽሐፉ 16 ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በዚህ አካሄድ በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። አንብቦ ሲጨርስ ምን ሰማን ብለው ይጠይቁትና እርስዎም የገባዎትን ይንገሩት፤ ቢሳሳት አይቆጡት፤ የከበዳችሁን እሑድ ለካህኑ ያቅርቡ። ሙቀጫው እየተመታ ንባቡ ስለማይሰማ ግን አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ቢጀምር ይሻላል።