ታይላንድ ሄዳችሁ እንግሊዝኛ ለማስተማር ለምታስቡ

ውድ ልጆቼ፣

"ጋሼ፣ ታይላንድ ሄዶ እንግሊዝኛ ማስተማር ይቻላል?" የሚለው ጥያቄ በዝቶብኛል። ለየብቻ ከምመልስላችሁ አንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው። አዎ፣ ይቻላል። እኔም ባንኮክ ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጆቼን አዲስ አበባ ያስተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ግን ቲክቶክ ላይ የምታዩት ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ነው። ባሕር ዳርቻው የዕረፍት ጊዜ ነው። ኑሮው ሰኞ ጠዋት ነው።

ክፉውን አስቀድሜ ልገላገለው። "እንግሊዝኛ ለሚችል ታይላንድ ሥራ አለ" የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ከትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። በየካቲት 2017 ምያንማር ውስጥ ካሉ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ታይላንድ ከገቡ 260 ሰዎች ውስጥ ከግማሽ በላይ የእኛው ልጆች ነበሩ። መንገዱ የታወቀ ነው። በአውሮፕላን ባንኮክ፣ ከባንኮክ በመኪና ድንበር ላይ ያለችው ሜ ሶት፣ ከሜ ሶት ወንዝ ተሻግሮ ምያንማር ውስጥ ያለችው ምያዋዲ። ከዚያ ወዲያ ፓስፖርቱም ስልኩም የራስህ አይደለም።

ስለዚህ ቀጣሪው የትምህርት ቤቱን ስምና አድራሻ ይስጣችሁ። ከዚያ ደላላው በሰጣችሁ ቁጥር ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት ቁጥር ደውሉ። ለመምህር የሚሰጠው ቪዛ ኖን-ኢሚግራንት ቢ ይባላል። እሱ ላይ የሥራ ፈቃድ ይጨመርበታል። "በቱሪስት ግቡ፣ ሌላው እዚያ ያልቃል" ያላችሁን ሰው ስልኩን ዝጉበት። ባንኮክ የተቀበላችሁ መኪና ወደ ሜ ሶት ከዞረ ደግሞ የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ ላይ ውረዱ። ሻንጣው ይቅር።

ወረቀታችሁን አገር ቤት ሳላችሁ ጨርሱ። ዲግሪና ትራንስክሪፕት፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ሁሉም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ይሁን። እዚያ ተቀምጦ ወረቀት ማሯሯጥ ለወንድምና ለእህት ዕዳ ነው። ቶይክ የሚባል የእንግሊዝኛ ፈተናም ይጠይቋችኋል፤ ከ990 ቢያንስ 600 ማምጣት ነው። ከገባችሁ በኋላ በየ90 ቀኑ አድራሻችሁን ለኢሚግሬሽን ታሳውቃላችሁ። ይኼ ቀላል ነው፣ ካልረሳችሁት።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ብዙ ማስታወቂያ ላይ "አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ብቻ" የሚል ታነባላችሁ። ደቡብ ኮሪያማ የእንግሊዝኛ መምህር ቪዛዋን የምትሰጠው በዋናነት ለ7 አገሮች ፓስፖርት ነው። ታይላንድ በሯ ሰፋ ይላል፤ ደሞዙ ላይ ግን ልዩነቱ ይመጣል። ለአንድ ዓይነት ክፍል፣ ለአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ፊሊፒናዊው፣ ካሜሩናዊውና እኛ ከእንግሊዙ ያነሰ እንከፈላለን። ትክክል አይደለም፤ ለመሄድ ከወሰናችሁ ግን አውቃችሁት ሂዱ። እዚያ ደርሶ መናደድ ሥራ ያበላሻል።

ክፍል ውስጥ ግን እኛ የምንበልጥበት ቦታ አለ። እንግሊዝኛን በላብ ነው የተማርነው። የት ላይ እንደሚያም እናውቃለን። የታይ ልጅ የቃሉን መጨረሻ ይውጠዋል፤ ኤሱም ኢዲውም ይጠፋል። የእኛ ልጅ ደግሞ ከ"ስኩል" በፊት "እ" ይጨምራል። ከእናቱ ጡት ጋር እንግሊዝኛ የጠባ መምህር "እንዲህ ነው የሚባለው" ብሎ ያልፋል። እኛ ምላሱ የት እንደሚቀመጥ እናሳያለን፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ለእኛም አሳይቶናል። ከመሄዳችሁ በፊት ድምፃችሁን በስልክ ቅዱና ስሙት። በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚመዝኑት እሱን ነው።

ቀኑ የሚጀምረው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሰንደቅ ዓላማ ነው። ብሔራዊ መዝሙር ይዘመራል፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው እንኳ ይቆማል። ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሏችኋል። እኛ ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ከቤት ይዘነው የወጣነው ነው። ታላቅን ማክበር፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ እግርን ወደ ሰው አለመዘርጋት፣ ይኼ ሁሉ ያደግንበት ነው። አንድ ነገር ግን በጭራሽ አትርሱ። ስለ ንጉሡና ቤተሰባቸው ቀልድ የለም። ሕጉ በአንዷ ቃል ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል።

ክፍሉ 40፣ አንዳንዴ 50 ልጅ ይይዛል። ቬንትሌተሩ ከእናንተ ድምፅ ይበልጣል። ስማቸውን ለመያዝ አትጨነቁ፤ የመዝገቡ ስም ረጅም ነው እንጂ እያንዳንዱ ልጅ አጭር የቤት ስም አለው። ባንክ፣ አይስ፣ ጎልፍ፣ ቢር። አዎ፣ ቢራ ማለቴ ነው። "ቢር፣ ተነሥና አንብብ" ብሎ ለማዘዝ ፊቴ እስኪለምድ ጊዜ ወስዶብኛል። ተማሪ መጣል ደግሞ የሚሆን ነገር አይደለም። የወደቀ ልጅ ድጋሚ ፈተና ይሰጠዋል፣ ያንንም የምታወጡት እናንተ፣ የምታርሙትም እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ያስቃችኋል። የመምህራን መዝገብ ላይ የምትፈርሙት በእነሱ ዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ 2017 ሲሆን የእነሱ 2568 ነው። ማታ ላይ ሰዓታቸውም እንደኛ ነው። ፈረንጅ ሰባት የሚለውን አንድ፣ ስምንት የሚለውን ሁለት ብለው ይቆጥራሉ። የእንግሊዝ ባልደረቦቼ በዚህ ግራ ሲጋቡ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ቂም አይደለም፣ ትንሽ ደስታ ነው።

ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቃሪያው ከሚጥሚጣ አያንስም። የምትጾሙ ከሆነ ግን ልብ በሉ፣ የዓሣ ሶስ የማይገባበት ወጥ የለም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ "ጄ" የሚል ምልክት ያለበትን ምግብ ቤት መፈለግ ነው። እዚያ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም፣ የዓሣ ሶስም የለም። ከቻይና የመጣ ሃይማኖታዊ ልማድ ነው፤ ለዐቢይ ጾም ግን ልክ እኛን አስቦ የተሠራ ይመስላል። እንጀራ ሲያምራችሁ ባንኮክ ናና አካባቢ የሐበሻ ቤት አታጡም።

ውል ስትፈርሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ኤፕሪል ይከፈላል?" የትምህርት ዓመቱ በግንቦት ተጀምሮ በመጋቢት ያልቃል። በኤጀንሲ በኩል የሚቀጠሩ መምህራን ብዙ ጊዜ ውላቸው የ10 ወር ነው። ቀሪውን ሁለት ወር የቤት ኪራይ ከየት እንደምታመጡ ከወዲሁ ካላሰባችሁ፣ ለቤተሰብ እልካለሁ ያላችሁት ብር እዚያው ያልቃል።

አሁን ማንም ወደማይጠይቀኝ ጉዳይ ልምጣ። ሥራው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከአሥር ሰዓት በኋላስ? አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ስልክ። ከአገር ቤት ጋር የአራት ሰዓት ልዩነት ስላለ የእናንተ ሰው ከሥራ ወጥቶ ሲደውል እናንተ እንቅልፍ ላይ ናችሁ። ብዙ ጎበዝ መምህር የሰበረው ክፍሉ ሳይሆን ከአሥር ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አንዳንዱ ወደ መጠጥ ይሄዳል። አንዳንዱ ሌሊቱን ሙሉ የአገር ቤት ወሬ ሲያነብ ያድራል። እኔ ድመት አመጣሁ።

አትሳቁ። አገር ቤት ድመት የምናስቀምጠው አይጥ እንድትይዝ ነው፤ ውሻም የግቢ ዘበኛ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና "ድመት በገንዘብህ ታበላለህ አሉ፤ አይጥ በዝቶብህ ነው?" ብላ ደውላልኛለች። እዚያ ግን ሰው የማይፈልጋቸውን የድመት ልጆች ቤተ መቅደስ ግቢ ጥሎ ይሄዳል፤ መነኮሳቱም ያበሏቸዋል። ከሰፈሬ ቤተ መቅደስ አንዷን አመጣሁ። ቀለሟ ሽሮ ነበር፣ ስሟንም ሽሮ አልኳት። ተማሪዎቼ "ር" ስለማይወጣላቸው ሺሎ ሆነች።

ለሥራዬ ያደረገችልኝን የትኛውም መጽሐፍ አላደረገልኝም። ሰኞ ጠዋት "የሳምንቱ መጨረሻ እንዴት ነበር?" ስላቸው 50 ልጅ ጣሪያ ያያል። "ሽሮ ትናንት ምን እንደሠራች ገምቱ" ስል ግን ከኋላ ያለው ባንክ ሳይቀር እጁን ያወጣል። ተኛች፣ በላች፣ ዘለለች፣ ሰረቀች፣ ያ ሁሉ የማይወጣ ያለፈ ጊዜ ግሥ በእሷ ምክንያት ወጣ። አንድ ማታ ወረቀት ሳርም ግድግዳ ላይ የነበረ እንሽላሊት ያዘች። እንሽላሊቱ ጅራቱን ጥሎ አመለጠ። ጅራቱ አይስ የተባለችው ልጅ የፈተና ወረቀት ላይ እየተጠማዘዘ ቀረ፣ ትንሽ እድፍም ተወበት። ወረቀቷን ስመልስላት ታሪኩን ነገርኳት። ሌሎቹ በቅናት ሞቱ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጅቷ ማንም ሳያዛት አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፋ መጣች፣ በእንሽላሊቱ በኩል ሆና።

ከመውሰዳችሁ በፊት ግን የቤት ውላችሁን አንብቡ። ብዙ ኮንዶሚኒየም እንስሳ ይከለክላል፣ ያስያዛችሁትም ገንዘብ ሊቀር ይችላል። ለዕረፍት አገር ቤት ስትመጡ ማን እንደሚያበላት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እኔ ጥበቃውን አስለምጄው ነበር፤ ስመለስ ቡና ይዤለት እመጣ ነበር።

የመንገድ ውሻ ሌላ ጉዳይ ነው። በየመንደሩ መንገድ ላይ የሰፈሩ ሰው የሚያበላቸው ውሾች አሉ። ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ በር ላይ፣ ቀዝቃዛው አየር በሚወጣበት፣ ተዘርግተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሰው ረግጧቸው እንዳይሄድ ዘሎ ይገባል። ደግ ይመስላሉ፣ ብዙዎቹም ደጎች ናቸው። ግን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። "ነገ አያለሁ" የሚባል ነገር የለም። ባንኮክ ውስጥ የታይ ቀይ መስቀል ኩዊን ሳኦቫባ ኢንስቲትዩት አለ። የሚገርማችሁ፣ የመጀመሪያ ስሙ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ውሻ ሲነክሰው ወዴት እንደሚባል ያውቃል።

የሚያበሳጨኝ ነገር የሚመጣው በመጋቢት ነው። ውል ያልቃል፣ መምህሩ ሻንጣውን ያዘጋጃል፣ ድመቱን ያገኘበት ቤተ መቅደስ መልሶ ጥሎ ይሄዳል። አንዱ ባልደረባዬ ሦስት ዓመት አልጋው ላይ ያስተኛውን ውሻ ለጥበቃው "ያዝልኝ" ብሎ አውሮፕላን ላይ ወጣ። ጥበቃው የራሱን ልጆች ማብላት ያቃተው ሰው ነበር። እንስሳ ውል አያነብም። ከ10 ወር በኋላ የት እንደምትሆኑ ካላወቃችሁ የሰፈሩን ውሻ አብሉ፣ የጎረቤቱን ድመት ዳብሱ፣ ወደ ቤት ግን አታስገቡ።

ይዘን እንሄዳለን ካላችሁ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። ብዙዎቻችሁ ከታይላንድ ወደ አውሮፓ ለማስተርስ የምታስቡ ስለሆነ በዚያ ላሰላላችሁ። መጀመሪያ 15 አኃዝ ያለው ማይክሮችፕ ይቀበራል። ቀጥሎ የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጣል፤ ችፑ ከክትባቱ ከዘገየ ክትባቱ አይቆጠርም። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰድና የአውሮፓ ኅብረት ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል። ደሙ ውስጥ ያለው የበሽታው መከላከያ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። በመጋቢት መጨረሻ ለመብረር ካሰባችሁ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ መድረስ ያለባችሁ ቢዘገይ ቢዘገይ በኅዳር መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛው ሴሚስተር እየሄደ ስለሆነ ፈቃድ ለመጠየቅ ይከብዳል፤ ቅዳሜ የሚሠራ ክሊኒክ ፈልጉ።